ፊት የማይያዝላት ምስክር

ሰኞ ማለዳ አያ አዳነ በረታቸው ሲገቡ ዳለቻው በሬ የለም። ገመዱ ተፈትቷል እንጂ አልተበጠሰም። ውሻውም አልጮኸም።

በደጋዋ የኮሶዬ መንደር በሰኔ በሬ ማጣት እጅን እንደ ማጣት ነው። አያ አዳነ ያላቸው አንድ በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ባለ አንድ በሬው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ተራ በተራ ያርሳል። የአያ አዳነ የዘንድሮ መቀናጆ ቢያዝን ነበር።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ሌባው ተገኘ ተባለ። ራሱ ቢያዝን!

ሦስት ሰዎች በንጋቱ ጉም ውስጥ በሬውን ወደ ቆላ ሲነዳ አየነው አሉ። ትከሻው ላይ ጥቁር እራፊ የተጣፈበት ጋቢውም መንገድ ዳር ወድቆ ተገኘ። «ጋቢዬንማ ባለፈው ሳምንት ደቦ ስንሠራ አጥር ላይ ጥዬው ጠፋኝ» ቢል ማን ሰምቶት። ዝናቡ መሬቱን እያራሰ፣ ዘሩ ጎታ ውስጥ እንዳለ፣ እሱ ጎንደር ታሰረ። ሚስቱ ዓይናዲስ ስንቅ ይዛ ትመላለስ ጀመር።

መዝገቡ ለኢንስፔክተር ሸዋገነት ደረሳት። ሸዋገነት ቶሎ የሚያልቅ መዝገብ አትወድም። መጀመሪያ አንድ የሳንጃ ከብት ነጋዴ ጠረጠረች። ሰውዬው ግን እሑድም ሰኞም ለቅሶ ላይ ነበር፤ መንደርተኛው ሁሉ መሰከረለት። ከዚያ ከሦስቱ ምስክሮች አንዱን፣ ቻላቸውን ጠራችው።

«ፊቱን አይተሃል?»

«አሳምሬ!»

«ተሸፋፍኖ አልነበረም?»

«ቢሸፋፈንስ! ያ ጢሙ ይጠፋኛል?»

«ጢም ነበረው?»

«እናቱ ከሞቱ ወዲህ መች ተላጨና! በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።»

ሸዋገነት ብዕሯን አስቀመጠች። ቢያዝን የእናቱን አርባ አውጥቶ፣ እሑድ አመሻሽ ጎንደር ወርዶ ጢሙን ተላጭቷል። ፀጉር አስተካካዩም አረጋግጧል። ቻላቸው ግን አልዋሸም፤ ቢዋሽስ በተሻለ ነበር። ያየው ጋቢውን ብቻ ነው፤ የቀረውን አንጎሉ ከትዝታው አውጥቶ ሞላለት። የሰው አንጎል ጎዶሎ ነገር አይወድም።

ረቡዕ ዕለት የትነበርሽ የምትባል የኮሶዬ ሴት በሚኒባስ መጥታ ቢሮዋ ገባች። በአገሩ በኩራት የምትታማ ሴት ናት። መንገድ ላይ ጎረቤቷን እንኳ ሰላም ሳትል ታልፋለች።

«በሬውን የነዳ ቢያዝን አይደለም» አለች። «ሰኞ ንጋት ላይ ባጠገቤ ነው ያለፈ።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«ማንነቱንስ አውቄዋለሁ። ግን ማን ያምነኛል?»

ሸዋገነት ከቀበሌ ያስመጣቻቸውን ፎቶዎች ደረደረችላት። የትነበርሽ አንዱን አንስታ ሌላውን ጣለች።

«ይሄኛውስ?»

«አላውቀውም።»

«ባለቤትዎ እኮ ናቸው!»

የትነበርሽ አቀርቅራ አለቀሰች። «ፊት አይያዝልኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። አየዋለሁ፣ ዞር ስል ይጠፋኛል። ሰውን በአካሄዱ፣ በድምጡ ነው የማውቅ። ይስቁብኛል ብዬ ኩሩ መባሉን መረጥሁ። አሁን ግን የዓይናዲስ ለቅሶ አላስተኛኝ አለ።»

ሸዋገነት አልሳቀችም። ለአንድ የአንጎል ሐኪም ደወለች።

«አዎ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ» አላት ሐኪሙ። «ዓይናቸው ደኅና ነው። ፊትን ለይቶ የሚያስታውሰው የአንጎል ክፍል ነው የማይታዘዛቸው። አካሄድ በመለየት ግን አንዳንዶቹ እኔንም አንቺንም ያስንቃሉ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጋቢው በጠፋበት ደቦ ላይ የነበሩ ዘጠኝ ወንዶች ቀበሌው ግቢ ተሰለፉ። ቢያዝንም በፖሊስ መኪና መጣ። ሁሉም ባዶ እግራቸውን፣ አንድ ዓይነት ጋቢ ለብሰው፣ እስከ ዓይናቸው ተሸፋፈኑ።

«ሰላምታ የማታውቅ ሴት ምን ልትለይ!» አለ አንዱ ከሕዝቡ መሐል።

የመጀመሪያው ተራመደ።

«ቻላቸው» አለች የትነበርሽ።

ሁለተኛው። «ወልደኢየሱስ።»

ሦስተኛው። «ይሄ ቢያዝን ነው። ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ ይጥላል። እናቱም እንዲያ ነበሩ።»

ሕዝቡ ወደ ፊት ተጠጋ። አራተኛው የገዛ ባሏ ወንዴ ነበር፤ ገና ሲንቀሳቀስ ስሙን ጠራች። አምስተኛውንም አልሳተችም።

ስድስተኛው ሦስት እርምጃ ሳይሄድ እጇን አነሳች።

«ያየሁት ይህን ነው! የግራ ተረከዙ መሬት በቅጡ ሳይነካ ይነሳል። ምንይችል ነው።»

ሸዋገነት ጋቢውን ገለጠችው። ምንይችል! እስከ አምና ድረስ ለሰባት ዓመት የአያ አዳነ መቀናጆ የነበረው ሰው።

«በሬ ባዳ ሲነዳው ይለግማል። ውሻም ባዳ ሲያይ ይጮሃል» አለች መርማሪዋ። «አንተን ለምን ዝም አሉህ?»

ምንይችል ወደ አያ አዳነ ዞረ።

«ሰባት ዓመት አብሬዎ አረስሁ! ምን አጥፍቼ ነው በቢያዝን የለወጡኝ? በአገር ፊት አዋረዱኝ። ሁለታችሁም ጦም እደሩ ብዬ ነው! ጋቢውንም ለዚሁ ነው የወሰድሁ።»

«አይ ልጄ!» አሉ አያ አዳነ። «በሬህ አርጅቶ ዳለቻዬን አደከመብኝ እንጂ፣ አንተንስ መች ጠላሁህ?»

ምንይችል ፊቱን በጋቢው መልሶ ሸፈነ። ዳለቻው በማግስቱ ቆላ፣ ከምንይችል ዘመድ በረት ተገኘ። ቢያዝን ተፈትቶ ለዘሩ ደረሰ።

በሳምንቱ የትነበርሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አያ አዳነ መንገዷ ላይ ቆሙ።

«የትነበርሽ፣ እኔ አዳነ ነኝ። የናቅሽኝ መስሎኝ ስንት ዘመን ተቀየምሁሽ። ይቅር በይኝ።»

ከኋላቸው ጎረቤቱ ሁሉ ስሙን እየተናገረ ሳማት። እሷም እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች ሰላም አለች። በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ከፊቷ ቆመ። ስሙን አልተናገረም። ጫማውን አውልቆ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄደ፣ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የትነበርሽም ስቃ ሳትጨርስ እንባዋ መጣ።

«ቢያዝን!»

ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

«በዚህ እግሬ ቤቴ የገባሁ ባንቺ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»