ከእኔ በቀር ሁሉም ያዩት ነገር

ይህን የምጽፍላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ። አለቆቼም አላመኑኝም... ለምጄዋለሁ።

ጨለማ ውስጥ የተፈጸመ ነገር እየጠበቃችሁ ከሆነ ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ጥር ወር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ሙጃ ገበያ መሃል ላይ ነው የጀመረው።

ባንቺዓለም እባላለሁ። ያኔ ወታደር ነበርኩ፤ የራዳር ባለሙያ፣ ማዕረጌ መቶ አለቃ። የክፍሌን ስም አልጠራም።

ከላስታ በኩል ወሬ ከመጣ ሰንብቷል። ሰማይ ላይ አንድ ነገር ቆሟል ይላሉ። አይበርም። አይጮኽም። ዝም ብሎ ቆሟል...

ራዳራችን ላይ ምንም የለም። ላሊበላ የሚያርፉ አብራሪዎችም ምንም አላዩም። ሰዉ ግን በቀን፣ በብርሃን አይተነዋል ይላል።

"ሂዱና አጣሩ። ቶሎ ዝጉት" ተባልን።

"ተባልን" ያልኩት እኔንና መቶ አለቃ ሂሻምን ነው። ሂሻም የኮርስ ጓደኛዬ ነው። ኮምቦልቻ ነው ያደገው፤ ሳቂታ፣ ከሁሉም ሰው ጋር ተግባቢ። በሥራ ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ይህን ያዙልኝ።

ላሊበላ ገብተን መጠየቅ ጀመርን። ማንም አይመልስም።

አልፈርድባቸውም። በዚህ ጊዜ ወታደር መጥቶ ስለ ሰማይ ሲጠይቅ ማን አፉን ይከፍታል?

አንድ የባጃጅ ሹፌር ብቻ እያጉረመረመ፣ "የእናንተው ዕቃ ይሆናል" አለን።

"ድሮን ለማለት ነው?"

"እኔ ምንም አላልኩም።"

ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ወረድን። መሪጌታ ገብረ ዮሐንስ የሚባሉ አባት አይተውታል ተብለን ነበር። ከዋሻው አፍ ላይ፣ ከአለቱ ሥር ቆመው አገኘናቸው። እጅ ነሳናቸው።

"አባቴ፣ ምን አዩ?" አልኳቸው።

"ያየሁትን ለፈጣሪዬ ነግሬያለሁ።"

"ለእኛስ?"

"ለእናንተማ ብነግራችሁ ምን ልታደርጉት ነው ልጄ?"

ተናደድኩ። ቢያንስ አቅጣጫውን እንዲያሳዩን ለመንኳቸው።

ከአለቱ ጥላ ሳይወጡ እጃቸውን ብቻ ወደ ውጭ ዘረጉና ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ላይ ጠቆሙ። ከዚያ እጃቸውን በፍጥነት ሰበሰቡ... ዝናብ እንደነካው ሰው።

ዝናብ አልነበረም።

በማግስቱ መሪጌታው በጠቆሙን አቅጣጫ ወዳለችው ደጋማ ከተማ፣ ወደ ሙጃ ወጣን። ሹፌራችን አስር አለቃ ደባሱ ነበር፤ ዝምተኛ፣ በዕድሜ ከእኛ የሚበልጥ ሰው። የገበያ ቀን ነው። ሰዉ ግጥም ብሏል፤ በግ፣ ገብስ፣ ነጭ ሽንኩርት...

አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ።

ገበያው መሃል፣ ከሁሉም የተሻለው ቦታ ላይ፣ ማንም ዕቃ አልዘረጋም። ሰዉ ዳር ዳሩን ተጣቦ ተቀምጦ መሃሉ ባዶ ነው።

ባና፣ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የምትሸጥ ሴት አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ስሟ ይማርሽ ነው። ከሌሎቹ ይልቅ ፊቷ ፈታ ያለ ነበር።

"እትዬ ይማርሽ፣ ሰማይ ላይ የሚታየውን ነገር ሰምተሻል?"

"ምኑን ነው የምሰማው እቴ... አይቼው የለ።"

በደስታ ልዘል ነበር። "መቼ ነው ያየሽው?"

ግራ ገብቷት አየችኝ።

"መቼ ትይኛለሽ? ይኸው አለ አይደል።"

በአገጯ ወደ ላይ ጠቆመችኝ። ቀና አልኩ።

ኩልል ያለ ሰማይ። አንዲት ደመና የለችም።

"የት ጋ?"

"ኧረ እዚህ! ከገበያው በላይ!"

ደጋግሜ አየሁ። ምንም የለም። እያሾፈችብኝ መሰለኝና ወደ ሂሻም ዞርኩ፤ አብረን እንድንስቅ።

ሂሻም አልሳቀም።

አፉ ተከፍቷል። ቀና ብሎ ቀርቷል። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል...

"ያ አላህ... ያ አላህ..."

"ሂሻም?"

"እንዴት እስካሁን አላየነውም?" አለ በሹክሹክታ። "ባንቺ... እንዴት ይህን የሚያህል ነገር...?"

"ምን የሚያህል? ምንድነው የሚታይህ?"

"ወላሂ አትቀልጂ።"

"አልቀለድኩም!"

ያኔ ነው ፊቱን ወደ እኔ ያዞረው። ያን አስተያየቱን መቼም አልረሳውም። የታመመ ሰው እንደሚያዩት ነበር ያየኝ።

ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። መልሶ ሲያየው ሰማይ ብቻ ነው። ደግሞ ቀረጸ። አሁንም ሰማይ ብቻ። ስልኩን ሊወረውረው ምንም አልቀረው።

"ምን ይመስላል? ንገረኝ እንጂ!"

"ቅርጽ... የለውም። ግን ዳር አለው።"

"ይህን ነው ለአለቆቻችን የምንነግራቸው?"

"ሌላ ምን ልበልሽ?"

ደባሱን ጠየቅሁት። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል።

"ይታይዎታል ደባሱ?"

"እኔ ሹፌር ነኝ መቶ አለቃ" አለኝ። ላቡ ግን በጆሮው ሥር ይወርዳል።

ራዳር ላይ ወዳለው ልጅ ደወልኩ። "ከሙጃ በላይ ምን አለህ?"

"ባዶ ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ባዶ ነው አልኩሽ እኮ! ሰዎቹ እያሾፉባችሁ ነው።"

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሰው ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ ጣሪያ ይመስላል አለኝ። ሌላው የተኛ በሬ አለኝ። አንዲት አሮጊት ጭራሽ ጥያቄዬ አናዷቸው፣ "ዓይን የለሽም?" ብለው ተቆጡኝ።

ዓይን አለኝ! የሚታየኝ ግን ሰማይ ነው!

አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። ከፍርሃት አልነበረም፤ ንዴት ነው። የሠለጠንኩት ሰማይ ላይ ያለውን ለማየት ነው። ሥራዬ እሱ ነው።

ልንሄድ ስንል ይማርሽ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

"እቴ... ትናንት በዚያ ተራራ በኩል ነበር። ሩቅ። ጠዋት ነው ወዲህ የተጠጋው።"

"እና?"

"እናንተ ጠዋት አይደል የመጣችሁት?"

"አዎ።"

ሌላ ነገር ልትናገር ነበር። ግን ከአናቴ በላይ የሆነ ነገር አየች። ከዚያ ባናዎቿን መጠቅለል ጀመረች... በጥድፊያ። ጎረቤቶቿም ተከተሏት። ገበያው ገና በጠዋቱ ተበተነ።

ወደ ላሊበላ ስንመለስ ሂሻም በመስኮቱ ወደ ላይ ያያል፤ ቶሎ ብሎ ያጎነብሳል፤ ደግሞ ያያል።

"አሁንም አለ?"

"ዝም በይ።"

"መብቴ ነው፣ ንገረኝ!"

"ቀስ ብለሽ አውሪ..." አለ። "እየወረደ ነው።"

መንገዱ ሜዳ ላይ ሲደርስ ሂሻም ጮኸ፤ "አቁም! ደባሱ፣ አቁም!"

መኪናው ሳይቆም በሩን ከፍቶ ወረደ። ጥቂት ሮጠና ገደል የሚያህል ቋጥኝ ሥር ተወሸቀ። ደባሱም ሞተሩን አጥፍቶ መኪናው ሥር ገባ። አርባ ዓመት ያለፈው ወታደር... መኪና ሥር!

ትዕግሥቴ እዚያ ላይ አለቀ።

"በቃ!" አልኩ። "በቃኝ! ምንም የለም! ይኸው!"

ከመኪናው ወርጄ ሜዳው መሃል ድረስ ሄድኩ። ነፋስ የለም። ሩቅ ሲያላዝን የነበረ ውሻ ዝም አለ።

"ይኸው ቆሜያለሁ! ምን አለ? የቱ ጋ ነው?"

ሂሻም ከቋጥኙ ሥር እጁን ያርገበግባል። ድምፁ ታፍኗል።

"ባንቺ... ተይ... ተመለሽ..."

"የቱ ጋ ነው አልኩህ!"

እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ።

"እጅሽን አውርጂ!!"

ያኔ ነው መሬቱን ያየሁት።

የቋጥኙ ጥላ መሬት ላይ ተኝቷል። የመኪናውም ጥላ አለ። የእኔ ግን የለም። የቆምኩበት ሣር ሁሉ፣ ግራና ቀኜ፣ ሩቅ ድረስ... ጥላ ነው። ዳሩ እንደ ቢላ የተቆረጠ ጥላ። ሰማዩ ላይ ደግሞ ደመና የለም።

በረደኝ።

እጄን አወረድኩት። እስከ ክንዴ ድረስ እጅጌዬ ርሷል። ውሃ ውስጥ የነከሩት ይመስል ይንጠባጠባል።

እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም። ላሊበላ ደርሰን ከመኪናው ስንወርድ ሂሻም ፈቀቅ ብሎ እንደቆመ አስታውሳለሁ። ስጠጋው ይሸሻል።

"ሂሻም፣ ምን ሆነሃል?"

"አብሽሪ። ምንም አልሆንኩም። እዚያው... እዚያው ሁኚ ብቻ።"

ሪፖርታችንን ያቀረብነው ለየብቻ ነው። እኔ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ጥላውን፣ የራሰውን እጅጌ፣ ሁሉንም።

አለቃዬ ሰምቶኝ ሲያበቃ ዓይኑን አሸ።

"ሂሻም ምንም አላየሁም ብሏል።"

"ምን?"

"ሹፌሩም እንደዚያው።"

"ሁለቱም አይተዋል እኮ! ያላየሁት እኔ ነኝ!"

"እሱን ነው የምልሽ" አለኝ። "ያዩት የምትያቸው አላየንም ይላሉ። ያላየሽው አንቺ አለ ትያለሽ። ምን ልበል እኔ?"

ጉዳዩ ተዘጋ። "የወፍ መንጋ" ተባለ። እኔም እረፍት እንድወስድ ተመከርኩ።

ወፍ!

ሂሻም ስልክ አያነሳልኝም። ሁለት ጊዜ ቢሮው ሄጄ በጓሮ በር ወጥቶ አመለጠኝ። በመጨረሻ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከሰልፍ ሜዳው ዳር ካለች አንዲት የዕቃ ክፍል ደጃፍ ላይ ያዝኩት። እሱ ከውስጥ፣ እኔ ሜዳው ላይ።

"ለምን ዋሸህ?"

የበሩን እጀታ ጨበጠ።

"እብድ አስባልከኝ እኮ! ጓደኛዬ አይደለህም?"

"ስለሆንኩ ነው" አለ በሹክሹክታ። "ካላወቅሽ... ምናልባት ዝም ብሎሽ ይሄድ ይሆናል ብዬ..."

"ምኑ?"

ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል። ፊቴን አላየም።

"ይቅር በይኝ ባንቺ" አለና በሩን በላዬ ላይ ዘጋው።

ደጋግሜ ደበደብኩት። ከውስጥ ቁልፉን ሲያዞረው ሰማሁ።

ተስፋ ቆርጬ ዞርኩና በሜዳው መሃል መሄድ ጀመርኩ። ከወዲያኛው ጫፍ ምልምል ወታደሮች በሰልፍ እየዘመሩ ይመጡ ነበር። ላስታን በካርታ እንኳ የማያውቁ ልጆች ናቸው፤ ከገቡ ሳምንት አልሞላቸውም።

እንዲያልፉ ብዬ ቆምኩ።

ዝማሬው ቀስ በቀስ ሞተ።

ማንም ትእዛዝ አልሰጠም። ሰልፉ ግን ከፊቴ ለሁለት ተከፈለ። ለአንድ ሰው የሚበቃ ክፍተት አልነበረም የተዉልኝ፤ ትልቅ ቤት የሚያቆም ነው። ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ፣ አጥሩን እየታከኩ፣ እርምጃቸውን ሳይስቱ ዞረውኝ አለፉ። አሠልጣኙም አልተቆጣም። እሱም አብሯቸው ዞረ።

ቀና አልኩ። ኩልል ያለ ሰማይ።

ዓይኔን ሳወርድ የመጨረሻውን ምልምል አየሁት። ከእኔ ራቅ ብሎ፣ ባዶው ሜዳ ላይ፣ መዳፉን ወደ እኔ በኩል ዘርግቶ... ባዶውን አየር እንደ ግድግዳ እየዳበሰ ያልፍ ነበር።