በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ፍሪዘር

ሉሊት የፍሪዘሩን ክዳን ስትከፍት ፊቷን የመታት ብርድ ሳይሆን ወጥ ወጥ የሚል ወበቅ ነበር። እጇን ሰደድ አድርጋ ሥጋውን ነካችው። ለብ ብሏል። ሌላውን ብልት ነካች፤ እሱም ያው ነው። ከሥሩ ቀይ ውሃ አቁሯል። ጠዋት ራሷ ያስቀመጠችው ትልቁ የዶሮ ወጥ ድስት መሃል ላይ እንደ ባለቤት ተዘርፍጦ ተቀምጧል። ክው ብላ ቀረች።

ዕለቱ የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ነው። እናቷ ውባንቺ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ውስጥ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ዛሬ ሌሊት ቅዳሴው ሲያልቅ ምእመናኑ በቀጥታ ወደዚህ መጥተው ሊገድፉ ተቀጣጥረዋል። የሚገድፉትም በክትፎ ነው፤ ያውም በጥሬው።

በዚያ ዓመት ኬንያን ድርቅ መትቷት ግድቦቹ ስለጎደሉ የናይሮቢ መብራት በፈረቃ ነበር። በነሉሊት ሰፈር ጠዋት ይጠፋና ወደ ማምሻው ይመጣል። ውባንቺ ለዚህም መላ አላጣችም፤ መብራቱ ሊጠፋ ሲል ፍሪዘሩን በወፍራም ብርድ ልብስ ጥቅልል ታደርገዋለች። ሥጋው ቅዝቃዜውን እንደያዘ ይውላል። ዛሬም እንደ ልማዷ ጠቅልላው፣ ለእሁድ ምሳ የሠራችውን ዶሮ በረንዳ ላይ አውጥታ፣ ወጡ በደንብ ሲበርድ ብቻ ቶሎ ከፍታ ቶሎ እንድታስገባው ልጇን አስጠንቅቃ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ሉሊት ግን ዌስትላንድስ ሰፈር ቀጠሮ ነበራት። ጓደኛዋ ትዕግስት ለበዓሉ ሹሩባ ልትሠራት ቃል ገብታላታለች። ድስቱ ደግሞ መብረድ እንቢ አለ። ሁለት ጊዜ ነካችው፣ ሁለት ጊዜ አቃጠላት። በመጨረሻ የፍሪዘር ሥራው ምን ሆነና ብላ ከነትኩሳቱ ሥጋው መሃል አስቀመጠችው፤ ብርድ ልብሱን ጥርቅም አድርጋ መለሰችና ማታቱ ታክሲ ለመያዝ ሮጠች።

የሚያንገበግበው ነገሩን ማወቋ ነው። ባለፈው ተርም የፊዚክስ ፈተና ላይ «ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፤ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ አያቆምም» ብላ ጽፋ ሙሉ ማርክ አግኝታበታለች። ፈተናው ላይ ግን ድስት አልነበረም። መብራት የሌለው ፍሪዘር ተራ ሣጥን ነው። ብርድ ልብሱም ሥራው ሙቀት እንዳያልፍ መከልከል ብቻ ነው፤ ከውጭ ሲመጣም ይከለክላል፣ ከውስጥ ሲወጣም ይከለክላል። ድስቱ መውጫ ያጣውን ትኩሳቱን ቀኑን ሙሉ ለሥጋው ሲያካፍል ውሏል።

የምግብ ቤቱ ሠራተኛ አቺዬንግ ከጓሮ ስትገባ ሉሊት እዚያው ቆማለች። አቺዬንግ ወደ ውስጥ አየችና «ፖሌ ሳና» አለች፤ አዘንኩልሽ ማለቷ ነው። ሉሊት ሥጋውን እንድታሸተው ለመነቻት። አሸተተችው፤ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ገና ምንም አይልም። በጾም ወቅት የዚህ ወጥ ቤት ቀማሽ አቺዬንግ ናት፤ ጨው በዛ፣ ቅመም አነሰ የምትለው እሷ ናት። ጥሬ ሥጋ ግን ቢገድሏት አፏ አይገባም። ውባንቺ ደግሞ አክፍላለች፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፏ አልዞረም። ይህን ሥጋ መጀመሪያ የሚቀምሱት እንግዶቹ ናቸው።

ከእንግዶቹም ፊተኛው ጋሽ ባልቻ ናቸው። ሉሊትን በየቅዳሜው አስቀምጠው ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። ሆዳቸው በሽተኛ ነው፤ እንዲያም ሆኖ የውባንቺን ክትፎ ሁለት ወር ሙሉ ሲያልሙት እንደከረሙ ትናንት ደውለው ተናግረዋል።

ሌላ ሥጋ ገዝቶ መተካትም አይቻልም። የከተማውን ሉካንዳ ሥጋ ማን እንዳረደው ስለማይታወቅ የእናቷ ደንበኞች አይነኩትም፤ ይህኛው ምእመናኑ ራሳቸው በሬ ገዝተው፣ ባርከው አርደው ያመጡት ነው። ምግብ ቤቱም ቢሆን በመብራቱ ጣጣ ደንበኛ ሸሽቶት በቋፍ ላይ ነው። ይህ ፋሲካ ካላነሣን ዘግቼ አገሬ እገባለሁ ብላለች ውባንቺ፤ እሷ ደግሞ አንድ ነገር ከተናገረች ተናገረች ነው። ሉሊት ከናይሮቢ ሌላ የምታውቀው ከተማ የለም። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ዝም ብላ ግን አልቆመችም። ድስቱን አወጣች። ሥጋውን በቀዝቃዛ ውሃ አጠበችው፤ ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግታ እርጥብ ጨርቅ አለበሰችውና ከአቺዬንግ ጋር በካርቶን ያራግቡት ጀመር። ጨርቁ ሲደርቅ እንደገና ያርሱታል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ እንደሚሄድ ይህንንም ተምራዋለች። ክንዳቸው ሊገነጠል ሲል መብራቱ መጣ፤ ፍሪዘሩ አጉረመረመ። ትሪውን መልሰው ከተቱት።

ውባንቺ ስትመጣ መሽቶ ነበር። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ግድግዳ እየያዘች ነው የምትራመደው። ክትፎ መክተፊያዋን አዘጋጅታ ትሪውን አወጣችና ሥጋውን በጣቶቿ ጫን ጫን አደረገችው።

«ቆንጆ ነው» አለች። «ቅዝቃዜውን እንደያዘ ውሏል።»

ሉሊት ዝም ብትል ማንም አያውቅም። አቺዬንግ ዐይኗን ከመሬት አላነሣችም።

«እማዬ፣ አሁን ነው የቀዘቀዘው። ቀኑን ሙሉ ለብ ብሎ ነው የዋለው። ወጡን ትኩሱን ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ብትጮህባት ይሻላት ነበር። ውባንቺ አልጮኸችም። በርጩማዋን ስባ ቁጭ አለች። አንዱን ብልት አንሥታ ደጋግማ አሸተተችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ መለሰችው።

«ሽታ የለውም» አለች። «ሚጥሚጣውን ጠንከር፣ ኮረሪማውን በዛ አደርገዋለሁ።»

«ጋሽ ባልቻስ እማዬ?»

ውባንቺ እጇን በጨርቅ ጠረገች። «አንቺም አልነገርሽኝ፣ እኔም አልሰማሁ» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ። «ሌላ መውጫ የለኝም ልጄ። ልብሴን ቀይሬ ልምጣ።» ተነሥታ በደረጃው ወደ ላይ ወጣች።

ሉሊት እንደዚህ ያለች እናቷን አይታ አታውቅም። ይህን ያመጣባት ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ በራሷ ተናደደች፣ በሹሩባዋ ተናደደች፣ በመብራቱም በድርቁም ተናደደች። ሥጋውን አየችው። ቀይ ነው፣ ያምራል፣ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ ሄዷል። ቀኑን ሙሉ ሥጋው ውስጥ ያራባው ጀርም ግን አብሮት አልሄደም፤ ይህን ደግሞ በጣት ጫን አድርጎ የሚያውቅ የለም።

እናቷን ደግማ ብትለምናት ምን እንደምትላት ገባት። የራባት፣ የደከማትና የጨነቃት ሴት በክርክር አትመለስም። እያለቀሰች ብትለምናት እናትየውም ታለቅሳለች፤ ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ ሥጋውን ትከትፋለች።

ከማጠቢያው ሥር የበረኪናውን ጠርሙስ አወጣች። ክዳኑን ከፈተችና ትሪው ላይ ከዳር እስከ ዳር አፈሰሰችው። የተረፈውን ለብ ብሎ በዋለው ድስት ውስጥ ገለበጠችው። ሽታው ዐይኗን አቃጠላት። ቀዩ ሥጋ እያየችው ገረጣ። አቺዬንግ በእጇ አፏን ያዘች።

ከደረጃው ላይ የእናቷ ኮቴ ተሰማ። ሉሊት ጠርሙሱን አልደበቀችም።