የተሸላሚው የቀትር እንቅልፍ

ዶክተር ኩዋንግ ይቸን ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሜልበርን በሚገኝ አንድ የምርምር ተቋም ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ታጣፊ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ዓርብ ዕለት ካንቤራ ሄዶ የአገሪቱን የወጣት ሳይንቲስቶች ሽልማት ሊቀበል ነበር። እናቱም ይህን ቀን ሊያዩ ቻይና ውስጥ ሁናን ካለው መንደራቸው ተነስተው ነበር።

«ራሱን ነው ያጠፋው» አለ ቀድሞ የደረሰው ሳጅን ፕራይስ። «አጠገቡ ያለውን ጋን ተመልከቺው። ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ክዳኑ ተከፍቷል። ናይትሮጅን ሽታ የለው፣ አያስል፤ የክፍሉን አየር ሲተካ ሰው ሳይታወቀው ያሸልባል። ሳይንቲስት ነዋ፣ ያውቀዋል። ጫማውንም አስተካክሎ ነው ያወለቀው። የተሰናበተ ሰው ነገር ነው።»

«ሊተኛ ያለ ሰውም ጫማውን ያወልቃል» አለች ኢንስፔክተር ኦንግ ስዩ ላን።

ኦንግ ማሌዥያ ውስጥ ፔናንግ ከቻይናውያን ቤተሰብ ተወልዳ ሜልበርን ያደገች፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። አልጋው አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። ሁለቱም ጆሮዎቹ ውስጥ የጆሮ መድፈኛ ነበር። ከደረቱ በታች እስከ ወገቡ ድረስ ግራጫ ጃኬት ተስተካክሎ ተደርቦበታል። ከበሩ ኋላ አንድ ፎጣ ተጨማድዶ ወድቋል። ወደ ጋኑ ውስጥ በባትሪ ስታበራ ፈሳሹ እስከ አንገቱ ሞልቶ አየችው።

አስከሬኑን መጀመሪያ ያገኘችው የላቦራቶሪው አስተዳዳሪ ናዲን ፎሊ ነበረች።

«ስልኩ ነው የጠራኝ» አለች ናዲን ዓይኗን እየጠረገች። «ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ እንዲቀሰቅሰው ይሞላዋል። ዛሬ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጮኸ። ገፋ ሳደርገው በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።»

«ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚተኛው?»

«ምሳ ከበላ በኋላ፣ በየቀኑ። ዛሬም ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ፎጣውን ይዞ ሲገባ አይቼዋለሁ። ብርሃንና ጫጫታ እንዳይገባ የበሩን ሥር ይደፍንበታል። ድሮ ቢሮው ነበር የሚተኛው… እንስቅበት ነበር። ፕሮፌሰሩ ‹ደሞዝ የምንከፍልህ ለማንኮራፋት ነው?› አለው አንድ ቀን። ቀልዱን ነው። ይቸን አብሮን ሳቀ፤ በማግስቱ አልጋውን እዚህ አስገባ።»

«ይሄን ጃኬት ታውቂዋለሽ?»

«የራሱ ነው። ግን ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ደብዳቤ ላስቀምጥለት ቢሮው ስገባ ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ደግሞ በዚህ ሙቀት ጃኬት ምን ያደርግለታል? ውጪው ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነው።»

ኦንግ ማስታወሻዋ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፈች።

ፕሮፌሰር ጎርደን ሃትሊ የተማሪዎቹን ሁሉ የልደት ቀን የሚያስታውስ፣ ግን የሚናገረውን ሳይመዝን የሚናገር ትልቅ ሰው ነው። ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ከሦስት ሰዎች ጋር በቪዲዮ ስብሰባ ላይ እንደነበር ተረጋገጠ።

«ያ ጋን ሰው ለመግደል ቀናት ይፈጅበታል» አለ። «ፈሳሹ የሚተነው በጣም በዝግታ ነው። ክፍሉ ግን ድሮ የመሣሪያ ክፍል ስለነበር የናይትሮጅን ቧንቧ አለው። የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቫልቭ ያለው ከግድግዳው ወዲያ፣ ይቸንና ባልደረባው ሮንግሼንግ በሚሠሩበት ላቦራቶሪ ነው።»

ሄደው አዩት። ቫልቩ ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቷል። የዋናው ታንክ መዝገብ ግን ከሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት እስከ ሰባት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ግፊቱ በብዙ እንደቀነሰ ያሳያል።

የይቸን ሚስት ሉዋን ሱዪን የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ጉዳዩ ሲሆን ክሊኒክ ለምርመራ ተራ ይዛ ነበር። ባዶ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ አገኟት።

«እህቴ፣ ሌላው ሁሉ ይቅር» አለቻት ኦንግን በቋንቋቸው። «ትቶኝ ነው የሄደው? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«ለምን እንደዚያ አሰብሽ?»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልነበረውም። ደብዳቤ ይጽፋል፣ ያጠፋል። ‹ሽልማቱን አልፈልገውም› አለኝ። ምን ሆነህ ነው ስለው አይነግረኝም። እናቱ አሁን ወደ አውሮፕላኑ የሚወስዳቸው ባቡር ላይ ናቸው፤ ነገ ይደርሳሉ። ምን ብዬ ልቀበላቸው? ልጅዎ እኔንም የልጅ ልጅዎንም ጠላ ልበላቸው?»

«ለማን ነበር የሚነግረው?»

«ለሮንግሼንግ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት አንድ መኝታ ክፍል ኖረዋል። እሱን ጠይቂው።»

ዶክተር ባኦ ሮንግሼንግ ቀጭን ነው፤ ዓይኖቹ አብጠዋል። ሰባት ዓመት ሙሉ በጊዜያዊ ቅጥር ሠርቷል። ምድር ቤት ብቻውን ምሳ ሲበላ እንደነበር፣ ይቸን ወደሞተባት ክፍልም እንዳልገባ ተናገረ። ኦንግ በዚያ አልገፋችበትም።

«አራት ዓመት አብረሃው ስትተኛ ያንኮራፋ ነበር?» አለችው።

ሮንግሼንግ ሳያስበው ፈገግ አለ። «ያንኮራፋል ብቻ? እንደ ትራክተር! ሲተኛ ደግሞ የለበሰውን ሁሉ በእግሩ ይገፋል። ክረምት የለ፣ በጋ የለ።»

«ማን ያለብሰው ነበር?»

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን አለው?» አለ።

በዚያው ዕለት ከይቸን ኮምፒውተር ላይ ተሰርዞ የነበረ ደብዳቤ ተገኘ። ለሽልማቱ ኮሚቴ የተጻፈ ነው። ባሸለመው ጥናት ሦስተኛ ሠንጠረዥ ያሉትን ልኬቶች ደጋግሞ ቢሞክርም ማግኘት እንዳልቻለ፣ ሽልማቱንም እንደማይቀበል ይናገራል። ልኬቶቹን ማን እንደሠራቸው ግን አልጻፈም።

ረቡዕ ጠዋት ኦንግ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ሱዪን ከናዲን አጠገብ ተቀመጠች። ፕሮፌሰሩ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አንገቱን ደፍቷል። ሮንግሼንግ ከሁሉም ራቅ ብሎ፣ በበሩ በኩል ነበር።

«ይቸን ራሱን አላጠፋም» ብላ ጀመረች ኦንግ፣ መጀመሪያ ወደ ሱዪን እያየች። «ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ሊነሳ ስልኩን ሞልቷል። ጋኑ ሙሉ ነው፤ ስለዚህ የገደለው እሱ አይደለም። የገደለው በቧንቧ የገባው ናይትሮጅን ነው። ያ ቫልቭ ደግሞ ያለው በሌላ ክፍል ነው፤ የሞተ ሰው ተነስቶ ሄዶ አይዘጋውም። ጋኑን ያስቀመጠው እንደ ሳጅን ፕራይስ እንድናስብ የፈለገ ሰው ነው።»

ሱዪን አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ይሄ ሰው ወደ ክፍሉ ገብቷል። ፎጣው በሩ ሥር ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ ናዲን ስትገፋ በያዛት ነበር። ከእሷ በፊት የገፋው አለ። ማን ነው? ፕሮፌሰሩ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ሱዪን ክሊኒክ ነበረች። የቀሩት ሁለት ናቸው።»

«እኔ…» አለች ናዲን።

«ቆይ፣ ናዲን። ጃኬቱ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ወንበር ላይ እንደነበር የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ይቸን ያኔ ከተኛ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል። ስለዚህ ጃኬቱን አምጥቶ ያለበሰው ሌላ ሰው ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሞቶ ብታገኚው ምኑን ትሸፍኚ ነበር?»

«ፊቱን» አለች ናዲን ወዲያው።

«ፕሮፌሰር፣ እርስዎስ?»

«ፊቱን ነዋ።»

«እኔ ግን ሆዱን ነው የምሸፍነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲተኛ፣ ሙቀቱ የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ ሆዱ ተገልጦ አይተውም፤ ይበርደዋል እንላለን። እናቴ ዛሬም ሶፋ ላይ ካሸለብኩ ፎጣ ጣል ታደርግብኛለች።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ዶክተር ባኦ፣ ለማስመሰል ጋኑ ይበቃህ ነበር። ጃኬቱ ለማንም ማስረጃ ተብሎ የተቀመጠ አይደለም። ልማድ ነው። እጅህ የአራት ዓመቱን ነገር አልረሳም።»

ሮንግሼንግ ለመካድ አልሞከረም።

«ሠንጠረዡ የእኔ ነው» አለ። «ከሦስት ዓመት በፊት፣ ቅጥሬ ሊያልቅ ሲል፣ ቁጥሮቹን ፈጠርኳቸው። እሱ አምኖኝ ነው የተጠቀመባቸው። ሲደርስበት ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹የማንንም ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የሁለታችንም ነው እላለሁ› አለኝ። ግን ይጠይቁታል። ከእኛ ከቻይናውያን አንዱ ካጭበረበረ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የሚመጡትን ልጆቻችንን ሁሉ ነው በጥርጣሬ የሚያዩት። ዓርብ ካንቤራ እንዳይደርስ… ያን ያህል ብቻ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው።»

«ቫልቩን ለምን ዘጋኸው?» አለች ኦንግ።

«ማንኮራፋቱ ቆመ። በግድግዳው ይሰማኝ ነበር። ድንገት ዝም ሲል ነቃሁ… እኔ ነኝ የነቃሁት። ዘግቼ ሮጥኩ። ፎጣው በሩን ይዞት ነበር፤ በትከሻዬ ገፋሁት። እጁ ገና ሙቅ ነበር። ደረቱን ደጋግሜ ተጫንኩት፤ አልተመለሰም። ከዚያ ፈራሁና ጋኑን አመጣሁ።»

«ወንድሜ» አለች ሱዪን። ድምፅዋ የራሷ አይመስልም። «እሁድ ዕለት ቤታችን በልተሃል። የሕፃኑን ስም ከእሱ ጋር ስትመርጡ አመሻችሁ።»

ሮንግሼንግ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ፕሮፌሰር ሃትሊ ብድግ አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። «ቢሮው ቢተኛ ምን ነበረበት» አለ፤ ለማን እንደተናገረው ግልጽ አልነበረም። ሳጅን ፕራይስ ሮንግሼንግን ክንዱን ይዞ አስነሣው።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኦንግ ሱዪንን በራሷ መኪና አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰቻት። ሱዪን መንገዱን ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር በልቧ ስታዘጋጅ ነበር፦ እማማ፣ ይቸን ሊነሳ ነው የተኛው፤ ወዶ አልተለየንም። ቢያንስ ይሄንን መናገር ትችላለች።

አማቷ ለሽልማቱ ቀን የተገዛ የሚመስል አዲስ ቀይ ሸሚዝ ለብሰው፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ ሻንጣ በጋሪ እየገፉ ወጡ። ሱዪንን ሲያዩ ከሩቅ ሳቁ።

«አንቺ! ሆድሽ እኮ ከአንቺ ቀድሞ ነው የደረሰው!»

አቀፏት። ከዚያ በትከሻዋ ላይ አንገታቸውን አስግገው ከኋላዋ ያለውን ሰው ሁሉ ቃኙ።

«የታሉ ልጆቼ? ሁለቱም ቀሩ? አይ እነዚህ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ሥራቸውን አይተውም!» ሻንጣውን መታ መታ አደረጉ። «አንድ ዓይነት ሹራብ ነው የሠራሁላቸው። ለይቸን ብቻ ባመጣ ሮንግሼንግ ዓመት ሙሉ ያኮርፈኛል።»

ሱዪን ባዘጋጀችው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለ ሮንግሼንግ አንድም ቃል አልነበረም። ጋሪውን ከእጃቸው ወሰደችና በዓይኗ ባዶ ወንበር ፈለገች።

«እማማ፣ መጀመሪያ እንቀመጥ» አለች።