የሰብሳቢው ወንበር

ሰውየው የሞቱት ተቀምጠው ነው፤ ላያቸው ሰው እንደዚያ ይመስላል። ጡረታ የወጡት ዳኛ በስብሰባ ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ ራስጌ ካለው ወንበር ላይ፣ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው፣ አሰልቺ ስብሰባ እንቅልፍ የጣለባቸው መስለው ነበር። ስብሰባ ግን አልነበረም። የተጠራው ለነገ ነው።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ባሏን ከቀበረች ወዲህ የሰው ሣቅም ለቅሶም ከግድግዳ ማዶ ነው የሚሰማት፤ ይሰማታል፣ ከዚያ አያልፍም። አለቃዋ «ዕረፍት ውሰጂ» ሲላት «ከምኑ?» ብላ መልሳለታለች። ሥራዋ ላይ ግን ማንም ቅር አይለውም። ልቧ ቢደነዝዝም ዓይኗ አልደነዘዘም፤ እንዲያውም ልቧ ዝም ካለ ወዲህ ዓይኗ የሚሠራው ለሁለት ነው።

ከዳኛው ራስ በስተኋላ የደረቀ ደም አለ። ጥቂቱ ወደ ሸሚዛቸው ኮሌታ ወርዷል። ቀኝ እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር እንደ ጣውላ ተገትሯል፣ የግራው ጉልበት ደግሞ ወደ ላይ ጎብጧል። ጎንበስ ብላ የወንበሩን እግሮች ስታይ ቀለማቸው ጥቁር ቡኒ ሆኖ ጫፋቸው ላይ ገና ቀለም ያልነካው ነጭ እንጨት ይታያል። ወደ መስኮቱ ሄደች። ከጎን ያለው የእንጨት ሥራ ክፍል አቧራውን እዚህ ድረስ ስለሚልክ የመስኮቱ ደፍ በሙሉ የእንጨት ዱቄት ለብሷል፤ አንዱ ማዕዘን ብቻ ተጠርጎ ያበራል። ዝም ብላ አየችውና ወጣች።

ቤቱ ወላጅና ዘመድ የሌላቸው ወጣቶች ተጠግተው ሙያ የሚማሩበት ነው፤ አናጢነትና ልብስ ስፌት። የምታስተዳድረው ሥራ አስኪያጇ ናት። ከሷ በላይ ይሁን ከጎኗ በውል የማይታወቅ አንድ አማካሪ ቦርድ አለ፤ ዳኛው፣ ከቤቱ ጀርባ ክሊኒክ ያለው ዶክተር፣ እንጨት ሥራ የሚያስተምረው አናጢና እዚያው ቤት ያደገች አንዲት ወጣት። መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባላል። ተረቱ ልክ ነው፤ ንጉሡ ሲወድቅ መካሪዎቹ የት እንደሚሄዱ ግን አይናገርም። የዚህ ቤት ቦርድም ይመክራል እንጂ አያዝም፤ ስለማያዝም ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ሥራ አስኪያጇ ቢሮዋ ውስጥ እጆቿን አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር።

«ያገኘኋቸው እኔ ነኝ» አለች። «ወዲያው ዶክተሩ ጋ ደወልኩ። ከክሊኒኩ በጓሮ በር መጣ። ‹ልባቸው ቆሞ ነው፤ ራሳቸው ከወንበሩ ድጋፍ ጋር ተጋጭቷል፤ ፖሊስ አያስፈልግም› አለኝ። ኮሌታቸው ላይ ደሙን ሳይ ግን ፈራሁ።»

«ማንን ጠረጠሩ?»

«ትናንት ከምስማር ጋር ተጣልተው ነበር። ድምፅዋ እስከዚህ ይሰማ ነበር።»

ምስማር የሚሏት የቦርዱን ወጣት አባል ነው፤ አጭር፣ ቀጥ ያለች፣ ከገባችበት የማትነቀል።

«በምን ተጣሉ?»

«በዚያች ባለፈው ዓመት በሞተችብን ልጅ ይመስለኛል። ማታ ትኩሳት ያዛት፣ ጠዋት አልነቃችም። የምስማር አልጋ ጎረቤት ነበረች።»

«ሐኪም ቤት አልወሰዳችኋትም?»

«በስልክ አማክሬ ነበር። ቦርዱ ‹ጠዋት ይደርሳል› አለኝ።»

«ቦርድ ስልክ ያነሣል እንዴ?»

ሥራ አስኪያጇ ጣቶቿን አየች። ቆይታ «ልጃችን ሰው ገደለች ከተባለ ይሄ ቤት ይዘጋል» አለች። «እነዚህ ሁሉ ልጆች የት ይወድቃሉ? እባክዎ፣ ይህን ብቻ ያስቡልኝ።» ስትለምን እንኳ ድምፅዋ የአየር ጠባይ እንደሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር። ሐዘኑ ገና መንገድ ላይ ነው፤ መርማሪዋ ይህን ዓይነት ድምፅ ከራሷ ጉሮሮ ታውቀዋለች።

አናጢው የተጣመመ እግር ያለው ጠረጴዛ ሲያቃና አገኘችው። ሰው ሞቶ ለምን እንደሚሠራ ስትጠይቀው «እጄ ሌላ የሚያደርገውን አጣ» አላት።

«የሰብሳቢውን ወንበር እግር ማን ቆረጠው?»

«እኔ። ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ። ዳኛው ‹እኛ ሽማግሎቹ ብዙ መከርን፣ አሁን የቤቱ ልጅ ትሰብስበን› ብለው ቦታቸውን ለምስማር ለቀቁላት። ወንበሩ ላይ ስትወጣ እግሯ ተንጠለጠለ። ሣቅንባት። እሳቸው ግን ‹ሰው ለወንበር አይቆረጥም፣ ወንበሩ ለሰው ይቆረጥ› አሉኝና እዚያው መጋዝ አመጣሁ።»

«እሳቸውስ የት ተዛወሩ?»

«መስኮቱ ጋ፣ ከፍ ያለው ላይ። ቀኝ ጉልበታቸው አይታጠፍም እኮ። ዝቅ ያለ ነገር ላይ ከተቀመጡ የሚያነሣቸው ሁለት ጎረምሳ ነው።» አናጢው መዶሻውን አስቀመጠ። «ዛሬ እዚያ ተቀምጠው ስናገኛቸው ሁላችንም የገመትነው አንድ ነው። ቦታውን መልሰው ሊወስዱባት አስበው፣ እሷ ደግሞ ግትር ናት... እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያሳደግኳት ልጅ ናት።»

ምስማር መኝታ ክፍሏ ውስጥ አልጋዋ ጫፍ ላይ ነበረች። አጠገቧ ያለው አልጋ ፍራሽ የለውም፤ ዓመት ሙሉ ሌላ ልጅ እንዳይተኛበት ተሟግታለች። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን ከእጅ ወደ እጅ ያዛውራል። እንደ እሱ ሐሳብ ነገሩ አልቆ ነበር።

«ጮኽሽባቸው?»

«ጮኼያለሁ። ሰብሳቢ ያደረጉኝ ቀን ስለ ጓደኛዬ አሟሟት በግልጽ ይነገር ብዬ ጠየቅኩ። እሺ ብለው ነበር። ትናንት ግን ‹መጀመሪያ ለአንድ ሰው ልንገረው፤ ሰውን ከጀርባው አላወራም› አሉኝ። ዓመት ጠበቅን፣ ደግሞ ሌላ መጠበቅ አልኳቸው።»

«ለማን ሊነግሩት?»

«አልነገሩኝም። ለነገሩ የት ደርሶ።»

«ሰብሳቢ ስትሆኚ የተቃወመ ነበር?»

«የነበሩት ሁሉ እጃቸውን አወጡ። ዶክተሩ ብቻ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄደው ነበር። ‹ለሚቀጥለው ሲመጡ ያዩታል› ተባለ።» ካቴናውን አየች። «ይውሰዱኝ ግድ የለም። ልጆቹን ግን አይበትኗቸው። እኔ የማድርበት አላጣም።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ለዚህ ነው። መርማሪዋ ፖሊሱን «ካቴናውን ኪስህ አግባው» ብላ ወደ ዶክተሩ ሄደች።

ዶክተሩ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ያጸዳል። ትሑትና ሥራ ያደከመው ሰው ነው፤ የቤቱን ልጆች ለዓመታት በነጻ አክሟል።

«ማንንም አልጠረጥርም» አለ። «ሽማግሌ ናቸው፣ ልባቸውም ደካማ ነበር። በሥራ ቦታቸው ማረፋቸው አንድ መጽናኛ ነው።»

«ሳይደወልልዎ በፊት የት ነበሩ?»

«ክሊኒኬ ውስጥ። ብቻዬን።»

«ነገ ለስብሰባው ይመጣሉ?»

«ስብሰባ ይኖራል ማለት ነው?»

«ይኖራል። እኔም እመጣለሁ።»

በማግስቱ፣ ስብሰባው በተጠራበት ሰዓት፣ ሁሉም መጡ። አስከሬኑ ተነሥቷል። ክፍሉ ውስጥ ያለቀሰ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ከረጅም ጉዞ የወረደ መንገደኛ ይመስል ይተያያል። ምስማር ከፖሊሱ ጎን ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ሁላችሁም በተለመደው ቦታችሁ ተቀመጡ» አለች መርማሪዋ።

ዶክተሩ በግራ፣ ሥራ አስኪያጇ በቀኝ፣ አናጢው በር አጠገብ ተቀመጡ።

«አንቺም ቦታሽ ላይ።»

ምስማር ከግድግዳው ተላቅቃ ወደ ጠረጴዛው ራስጌ ሄደችና ተቀመጠች። ዶክተሩ ከወንበሩ ከፍ አለ።

«ኧረ ተነሽ ልጄ፣ ምን ነካሽ። የዳኛው ቦታ እኮ ነው። ገና ሳይቀበሩ።»

አናጢው ቀስ ብሎ ወደ ዶክተሩ ዞረ። ሥራ አስኪያጇም ዞረች።

«ዶክተር፣» አለች መርማሪዋ፣ «ይህ ወንበር ከባለፈው ወር ስብሰባ ጀምሮ የሷ ነው። እዚህ ካለነው ይህን የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ታዲያ ትናንት እዚያ ነው ያየኋቸው።»

«እዚያ ያስቀመጣቸው ሰው አለ። ከመስኮቱ እንነሣ። ደፉ አቧራ ለብሶ ማዕዘኑ ብቻ ተጠርጓል። ዳኛው የወደቁት እዚያ ላይ ነው፤ ራሳቸውም የተመታው በሱ ነው። የወደቀ ሰው ደሙን ጠርጎ ሄዶ አይቀመጥም። እሺ ሄዱ ብንል እንኳ ይህ ወንበር ለምስማር ተብሎ ተቆርጧል፤ ጉልበታቸው የማይታጠፍ ሰው ወዶ አይቀመጥበትም። ስለዚህ ተጎትተው መጥተዋል።»

«በማን?» አለ አናጢው።

«መንገደኛ ቢሆን ከወደቁበት ትቷቸው ይሸሻል፤ የማን ወንበር የቱ እንደሆነ ከየት ያውቃል? ከናንተ ከሦስታችሁ አንዱ ቢሆን ደግሞ አዲሱ ቦታቸው መስኮቱ ጋ መሆኑን ያውቃል። ከወደቁበት አንድ እርምጃ ነው። ጎተት አድርጎ እዚያ ያስቀምጣቸዋል። ይሄ ሰው ግን የክፍሉን ርዝመት ሙሉ ጎትቷቸዋል። የድሮውን ቦታቸውን የሚያውቅ፣ አዲሱን ያልሰማ ሰው ነው።»

«ምናልባት በምስማር ለማላከክ...» አለች ሥራ አስኪያጇ። ሐሳቧን አልጨረሰችም።

«እኔም አስቤው ነበር። ግን በሰው የሚያላክክ ሰው ደም አይጠርግም። የጠረገው ማንም እንዳይጠረጠር፣ ‹ልባቸው ቆመ› እንዲባል ነው። ይህንንም ከማንም ቀድሞ ያለው፣ ፖሊስ አያስፈልግም ያለውም አንድ ሰው ነው።» ወደ ሥራ አስኪያጇ ዞረች። «ትናንት ያልመለሱልኝ ጥያቄ አለ። ያቺ ልጅ ስትታመም ስልኩን ያነሣው የቦርዱ አባል ማን ነበር?»

ሥራ አስኪያጇ ጠረጴዛውን እያየች «ዶክተሩ» አለች። «ትኩሳቷን፣ መንቀጥቀጧን፣ አንገቷ አልዞር ማለቱን ነገርኩት። ‹ክኒን ስጧት፣ ጠዋት አያታለሁ› አለኝ። ከዚያ በኋላ በሪፖርቱ ላይ ‹ቦርዱ ተማክሮ› ተባለ። እኔም ቦርዱ እያልኩ ኖርኩ።»

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እኔ አማካሪ ነኝ» አለ። ድምፁ አልተለወጠም። «ደክሞኝ ነበር። ምክር ተጠየቅኩ፣ ሰጠሁ። ዳኛውንም ይህንኑ ነው ያልኳቸው። መስኮቱ ጋ ቆመን ‹ነገ ለልጆቹ እንነግራቸዋለን፤ ጥፋቱ የኛ ነው እንላለን› አሉኝ። የሙያ ፈቃዴን እነጠቃለሁ አልኳቸው። ‹ተነጠቅ› አሉ። ገፋኋቸው። እንዲሞቱ አልነበረም።»

«ወዲያው ነው የሞቱት?» አለች ምስማር።

ዶክተሩ መነጽሩን አነሣና መልሶ አኖረው።

«ሐኪም ነዎት እኮ። ወዲያው ነው?»

«እስትንፋስ ነበራቸው» አለ። «ትንሽ ጊዜ።»

«ምን አደረጉላቸው?»

«ጠበቅኩ።»

መርማሪዋ ለፖሊሱ ምልክት ሰጠችው። ዶክተሩ ራሱ ተነሥቶ እጆቹን ሰጠ፤ ሲወጣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መልሶ ገፋ አደረገው፣ ስብሰባ ሲያልቅ ሰው እንደሚያደርገው።

አናጢው ሊነሣ ሲል ምስማር «ጋሼ፣ ስብሰባው አልተበተነም» አለችው። ተቀመጠ። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ከንፈሯ ብቻ ደርቋል። መርማሪዋ መሄድ ነበረባት፣ ግን በሩ ጋ ቆመች።

«አጀንዳው አንድ ነው» አለች ምስማር ወደ ሥራ አስኪያጇ ዞራ። «ይህ ቦርድ ለእርስዎ አንድ ምክር አለው፣ እትዬ። ልጅ ሲታመም እኛን አይጠይቁን። አምቡላንስ ይጥሩ።»

አናጢው እጁን አወጣ። ምስማር የራሷን አወጣች።

«እሺ» አለች ሥራ አስኪያጇ። ቀጥሎ ለማንም ሳይሆን ለጠረጴዛው የምትናገር ይመስል፣ «የአምቡላንሱን ቁጥር አውቀው ነበር» አለች። «አማካሪ ከመጥራቴ በፊትም አውቀው ነበር።»

ማንም አላጽናናትም። መርማሪዋ ለዚህ የሚሆን ቃል ፈለገች፣ አጣች፤ ሰላምታ ሳትሰጥ ወጣች።