በረዶ ከምላስ ሥር

የአካ ዶርካስ ነጠላ ጫማ በረንዳው ላይ ጧ ጧ ሲል ኬዚያ አንድ ቁራጭ በረዶ ምላሷ ሥር ሸጎጠች። በኩባያ የረጋ የማንጎ ጭማቂ ነው። ጥርሷ እስኪደነዝዝ ስትመጠው ቆይታለች።

«አፍሽን ክፈች!» አለች አያቷ ገና በሩን ሳታልፍ። ቴርሞሜትሩን ከጡት መያዣዋ ውስጥ መዘዘችው። ስልኳም፣ የቤት ቁልፏም፣ መሀረቧም የሚኖሩት እዚያው ነው።

ኬዚያ በረዶውን ዋጥ አድርጋ አፏን ከፈተች። ልቧ እንደ ሞተር ጀልባ ይመታል። ይህ ነገር የልብ ምትም ይቆጥር ይሆን እንዴ?

ቴርሞሜትሩ ጮኸ። አካ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ከራቅ አየችው። «ሠላሳ ስድስት! ተመስገን ጌታዬ!»

«አልኩሽ እኮ! ፈረስ ነኝ።»

«በይ ፈረሴ፣ ኮፍያሽን አድርጊ። ወደ ወደቡ እንወርዳለን።»

ፈረሷ ግን ከምሳ ሰዓት ጀምሮ አጥንቷ ውስጥ ብርድ ብርድ ይላታል። ጆሮዋ ደግሞ ይነድዳል። ኬዚያ ምን ማለት እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። የደም ካንሰር የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚማረው ይህንኑ ነው። ባሕር ማዶ ታውንስቪል ከተማ ሆስፒታል የሚሰጧት መድኃኒት ክፉውን ከደጉ ሳይለይ ያጭደዋል፤ ደሟ ዘብ የሌለው ቤት ይሆናል። ነርሷ ይህን እንደ ጸሎት አስጠንታታለች፦ «ሠላሳ ስምንት ከደረሰ ወዲያው ትደውላላችሁ። ‹ትንሽ እንየው› የሚባል ነገር የለም።»

እዚህ ደሴት ላይ ታዲያ መደወል ማለት አውሮፕላን ማለት ነው። አውሮፕላን ማለት ደግሞ ነጭ ጣሪያ፣ ነጭ አንሶላ፣ ነጭ ሾርባ። ከመጣች ገና ሁለት ሌሊት ብታድር ነው! በዚያ ሁሉ ወር አልጋዋ ላይ ተኝታ ስታልም የከረመችው ደግሞ ትልቅ ነገር አይደለም። ወደቡ ጫፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ስኩዊድ፣ ያንን ብዙ እጅ ያለውን የባሕር ፍጥረት፣ ማጥመድ ብቻ። በቃ። ይህቺም ትብዛባት?

«ለዛሬ ብቻ» አለች ለራሷ። «ነገ ጠዋት እናገራለሁ።»

ወደቡ ላይ አካ ከሰው ራቅ ያለ ቦታ መርጣ ወንበሯን ዘረጋች። የሚያስል ሰው ብቅ ሲል እንደ ዶሮ «እሽ! እሽ!» እያለች ታባርራለች። የኬዚያ የአክስት ልጅ ሳይላስ ቀድሟቸው ደርሶ ገመዱን ጥሏል።

«አንቺ ልጅ፣ ኮፍያሽን እንዳታወልቂ» አላት። «መላጣ ራስሽ ሲያበራ ስኩዊዶቹ መርከብ መጣ ብለው ይሸሻሉ።»

«ያንተን ፀጉር ካዩ ደግሞ እንቁላል ሊጥሉበት ይመጣሉ። ጎጆ!»

አካ «ዝም በሉ፣ ይሰማሉ» ብላ ሁለቱንም ተቆጣች።

ፀሐይዋ ከደሴቶቹ ጀርባ ዝቅ እያለች ነበር። ኬዚያ የተረፈ በረዶ የያዘውን ኩባያዋን አጠገቧ አስቀምጣ ገመዱን ለቀቀችው። ጫፉ ላይ ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ የመሰለ ማጥመጃ አለ። ትንሽ ታነሣዋለች፣ ትተወዋለች። ታነሣዋለች፣ ትተወዋለች። ከዚያ ገመዱ ከበደ፤ አንድ እርጥብ እጅ ከታች የጨበጣት ይመስል።

«ያዘ! ያዘ!»

ስኩዊዱ እጆቹን እያወራጨ ወጣ። የቤታቸው ደንብ የዕለቱ የመጀመሪያ ግዳይ ለታላቅ ይሰጣል የሚል ነውና ኬዚያ በሁለት እጇ ለአካ አቀረበችላት። አካ «እግዜር ይስጥልኝ የኔ ል...» ከማለቷ ስኩዊዱ ያለ የሌለ ጥቁር ቀለሙን ፊቷ ላይ ተፋው።

ሳይላስ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። አካም መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ ሳቀች፤ ሰው ሠራሽ ጥርሷ እስኪወልቅ፣ ቀለሙ ከእንባዋ ጋር አበባማ ቀሚሷ ላይ እስኪንጠባጠብ ሳቀች።

ኬዚያም ሳቀች። ግን መሀል ላይ ሳቋን አቋረጠች። በሽታው ከመጣ ወዲህ አካ እንዲህ ስትስቅ አልሰማችም። ይህን ሳቅ የገዛችው በኩባያ በረዶ ነው።

«ነገ በኮኮናት ወተት እሠራልሻለሁ» አለች አካ ስኩዊዱን ባልዲ ውስጥ እየከተተች። «በደንብ አብስዬ፣ ሐኪሞቹ እንዳሉት። ከሩዝ ጋር።»

ነገ።

ሳይላስ የተጠላለፈውን ገመድ ሊፈታላት ጣቶቿን ሲነካ ድንገት ቆመ። «እጅሽ እኮ እንደ ምድጃ ግሏል» አለ በሹክሹክታ።

«ፀሐይ ነው።»

«የቷ ፀሐይ? ገብታለች እኮ።»

«ዝም በል ባክህ።»

ሳይላስ አጠገቧ ያለውን ኩባያ አየ። ከዚያ አካን። ከዚያ እሷን። «ሸወድሻት?»

«ለዛሬ ብቻ። ከተናገርክ ሁለተኛ አላናግርህም። እውነቴን ነው።»

ቀልድ ጠበቀች። ይህ ልጅ ቀብር ላይ እንኳ ቀልድ የማያጣ ነው። አሁን ግን የተፈታውን ገመድ መልሶ ውሃው ውስጥ ጣለና ጫፉን ጉልበቷ ላይ አኖረላት። «አልናገርም» አለ በመጨረሻ፣ እያያት ሳይሆን ውሃውን እያየ።

ከትኩሳቱ ይልቅ ይሄ አስፈራት።

ታውንስቪል ሆስፒታል አልጋዋ ከእሷ አልጋ ጎን የነበረችው ልጅ ትዝ አለቻት። እሷም ቤቷ ሳለች ትኩሳት ሲይዛት «እስኪነጋ ልቻለው» ብላ ነበር። ሲነጋ ማሽን የሞላበት ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ኬዚያ በመስታወቱ እጇን ብታውለበልብላት አላየቻትም።

ጥርሷ መንገጫገጭ ሲጀምር አገጯን በመዳፏ ያዘች። ኩባያው ውስጥ የነበረው በረዶ ቀልጦ ቢጫ ውሃ ሆኗል። አካ አሁንም ብቻዋን እየሳቀች ቀለሙን በመሀረብ ትጠርጋለች።

«አካ» አለች ኬዚያ።

«ወዬ።»

«ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪልኝ።»

«ምኑን?»

«ስኩዊዱን። ስመለስ እበላዋለሁ።»

ሳቁ አካ ፊት ላይ እንደ ቀለሙ ትንሽ ቆየ። ከዚያ መሀረቡ ከእጇ ወደቀ። ተነሥታ መዳፏን የኬዚያ ግንባር ላይ አሳረፈች። አልተቆጣችም፣ አልጮኸችም። እጇን ወደ ጡት መያዣዋ ሰደደች፤ በአንድ እጇ ቴርሞሜትሩ፣ በሌላው ስልኩ ወጣ።

«በረዶ ነበር» አለች ኬዚያ። «ቅድም አፌ ውስጥ።»

«አፍሽን ክፈች» አለች አካ፣ በቀስታ።

ሳይላስ ኩባያውን አንሥቶ ውሃውን ባሕር ውስጥ ደፋው። የስልኩ ጥሪ ይሰማል፤ ክሊኒኩ ገና አላነሣም። ቴርሞሜትሩም ገና አልጮኸም።

ይሄኔ ጉልበቷ ላይ ያለው ገመድ ተወጠረ።

«ኬዝ!» አለ ሳይላስ። «ገመዱ! ገመዱ!»

ኬዚያ አካን ቀና ብላ አየቻት። አካ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ጉንጯ ላይ ጥቁር ቀለም እንዳለ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምን ታዪኛለሽ?» አለች። «ሳያመልጥሽ ሳቢው እንጂ!»

ኬዚያ ከንፈሯን ቴርሞሜትሩ ላይ ግጥም አድርጋ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ገመዱን መሳብ ጀመረች።