በር ጥግ ያልቆመችው

ከኤልያብ ጋር የተዋወቅነው በሳቅ ነው። ባሕር ማዶ፣ ፕሌኖ ከተማ፣ የህንድ ፊልም የሚያሳይ ሲኒማ ቤት ገብቼ፣ ተዋናይዋ ስትቀልድ የእንግሊዝኛው ትርጉም ከታች ሳይጻፍ ሳቅሁ። ከኋላዬ አንድ ሰው አብሮኝ ሳቀ። ዞር ስል ሐበሻ ነው።

«ህንድኛ የት ተማርሽ?» አለኝ ስንወጣ።

«አገር ቤት፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት። አንተስ?»

«እኔም ከዚያው ነው የተመረቅሁት።»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እናያለን። የምንጨቃጨቀው በፊልሞቹ ሴቶች ነበር። እሱ የድሮዎቹን ይወዳል፤ አባትና ወንድም በነሱ ጉዳይ ሲመክሩ በር ጥግ ቆመው የሚያለቅሱትን። እናቴ የትምወርቅም ከነሱ ጋር እያለቀሰች ነው ያሳደገችኝ። እኔ የአሁኖቹ ነኝ፤ ታክሲ የሚነዱት፣ ፍርድ ቤት የሚሟገቱት፣ «አይሆንም» ብለው ሰርጉን ጥለው የሚወጡት።

«የድሮዎቹ ግን አንጀት ይበላሉ፣ አይናዲስ።»

«እኔ አንጀትህን መብላት አልፈልግም።»

ፈገግ ብሎ ያየኛል። ያን አስተያየቱን እወደው ነበር።

አንድ እሁድ ከኤርፖርት የሥራ ሺፍቴ ወጥቼ ቤድፎርድ ያለው ቤታችን ስገባ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎን ቆመዋል።

«ልጅዎን ለልጃችን ለኤልያብ እንዲሰጡን ነው። እሺታዎን ሳንሰማ አንቀመጥም» ይሉታል አባቴን። አባቴ አገጩን ያሻል። እናቴ ኩሽናው በር ጥግ ቆማለች። እኔን ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

ደሜ ፈላ። እወደዋለሁ፤ እንዲህ ከሆነ ግን አላገባውም። ወጣሁ። ኤልያብ መንገድ ማዶ ፓርክ አድርጎ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል።

«ማንን ነው የጠየቅኸው?»

«አባትሽን።»

«ታዲያ አባቴን ልታገባ ነው?»

ከመኪናው ወረደ። «ወጉ ነው ብዬ… ደስ የሚልሽ መስሎኝ።»

«ወጉን እኔም እወደዋለሁ። መጀመሪያ ግን እኔን። ካልሆነ ሽማግሌዎችህን ይዘህ ሂድ።»

የመኪናውን በር ዘግቶ ፊቴ ቆመ። «አይናዲስ፣ ታገቢ…»

ሳይጨርስ ሳቅሁ። «አገባሃለሁ።»

ተመልሼ ገባሁ። «አባቶቼ፣ አሁን ጠይቆኛል፤ እሺ ብያለሁ። የቀረውን ከአባቴ ጋር ጨርሱ።»

አንደኛው ሽማግሌ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ምን ያለችው ናት?»

ለድሮዎቹ ሁሉ ስታለቅስ የኖረችው እናቴ ከበሩ ጥግ ወጥታ መሀል ሳሎን ቆመች። ዐይኗ ደረቅ ነበር።

«የኔ ልጅ ናት» አለች። «እንግዲህ ተቀመጡ።»