ማን ለካው?

ጦርነቱ በቆመ በዓመቱ፣ ክረምቱ ወጥቶ የቆርቆሮው ጣሪያ መንጫጫት ሲተው፣ በጦሩ የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ አንድ ወሬ ከመኪናዎቹ ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር፤ ወሬውንም ጠዋት ጠዋት የምታድሰው የሰፊዎቹ የበላይ፣ ሴቱ ሁሉ «እትዬ አለቃ» የሚላት ፈርጣማ ባልቴት ነበረች።

«ጡቷን ብረት የነካት ሴት ሳምንት አትሞላም፤ አንዲት የማውቃት ሐኪም ቤት ገብታ ተቆረጠች፤ በሳምንቷ አፈር ለበሰች» ትላለች። ይህች ሴት የሁሉን ቀሚስ ስትለካ የራሷን በማንም አስለክታ አታውቅም፤ በሯን ቆልፋ ራሷ ትሰፋዋለች፤ ሴቶቹም ኩራት ነው ይሉት ነበር።

ወሬው ከሁሉ ይልቅ የሚወጋት ጨርቅ ቆራጯን ነበር፤ ስለ ምላሷ «ምላጭ» ይሏታል። ባሏን ጦርነቱ በልቶባት አንዲት ሴት ልጅ ታሳድጋለች። አንድ ጠዋት እንደ ቆራጭ ወግ ስፒሎቿን በሽርጧ ደረት ላይ ስትሰካ፣ ከግራ ጡቷ ሥር ባቄላ የሚያህል ጠጣር እብጠት ጣቷን ገፋው። አላመማትም፤ ለማንም አልተነፈሰችም፤ ያቺ ለሰው የማታንስ ምላስ ለራሷ ጉዳይ ተቆለፈች።

አንድ ቀን ስፌት ቤቱን ከሚያዘው ሻለቃ ቢሮ የእጅጌ ልኬት በቃል መጣ፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር አንድ ስንዝር ጎደለ፤ የአንድ ሻምበል ጦር እጅጌ ክርን ላይ ቀረ። ሻለቃው እንደ መድፍ እያጓራ ገባ።

«ይህን ማን ለካው?»

«እሷ ነገረችኝ።» «እኔም ከሷ ነው የሰማሁት።» የለካ አልተገኘም።

ምላጭ ግን ጥያቄውን ይዛ ቀረች፤ ሻለቃው እንደወጣ ወደ አለቃዋ ዞረች።

«እትዬ፣ ያቺ በሳምንቷ ሞተች የሚሏትን ማን ቀበራት?»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ሰፈሯ የት ነበር? ቀብር ቆመዋል?»

የእትዬ አለቃ ፊት ጠቆረ። «ምላሳም! ሙት አይመረመርም። ሥራሽን ሥሪ!»

«እንግዲያው ያልሞተችውን እፈልጋለሁ» አለች ምላጭ።

በማግስቱ ከእህቷ ጋር ሐኪም ቤት ሄደች። ዋናው ሐኪም ዳሰሳት፤ ጥቂት ሥጋ ወስዶም መርምሮ ሲያበቃ አስጠራት።

«እብጠት ሁሉ ክፉ አይደለም፤ የብዙ ሴት እንዲሁ ሆኖ ይቀራል። ያንቺ ግን መውጣት አለበት።»

«ያወጡላቸው በሕይወት አሉ?»

«በጊዜ ከመጡት ብዙዎቹ አሉ፤ ካረፈዱት ብዙዎቹ የሉም። ትድኛለሽ ብዬ አልምልልሽም።»

«አይማሉልኝ፤ አንዷን በዓይኔ ያሳዩኝ።»

«እኔን አታምኝም?»

«ጌታዬ፣ በሰው ቃል ጨርቅ ቆርጠን ጦሩን ክርኑን አራቆትነው፤ ገላዬን ደግሞ በቃል ላስቆርጥ?»

ሐኪሙ ሳቀ፤ የሐኪም ቤቱን አስታማሚም ጠርቶ፣ ከዓመታት በፊት ወደ ቆረጣት አንዲት ዳቦ ጋጋሪ አስወሰዳት። ጋጋሪዋ እስከ ክርኗ ሊጥ ውስጥ ነበረች።

«ግቢ እህቴ፣ የምትፈልጊያት ሬሳ እኔ ነኝ! ከተቆረጥኩ ወዲህ ሁለት ልጅ ድሬያለሁ፤ አንድ ባልም ቀብሬያለሁ፤ እሱ ምንም አልተቆረጠም ነበር።»

በሩን ዘግታ ጠባሳዋን አሳየቻት፤ ምላጭ በቆራጭ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ቀጥ ያለ ነበር።

«ያማል፤ አያምም አልልሽም። ክንድሽ ለጊዜው አይነሣም፤ እኔ ሊጥ እያቦካሁ አፍታታሁት። የምትገቢ ቀን የሐኪም ቤቱ በር ላይ ታገኚኛለሽ።»

ቃሏንም አላጠፈችም፤ ከነዱቄቷ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

ምላጭ ተቆርጣ ቁስሏ ሲጠግግ ወደ ስፌት ቤቱ ተመለሰች፤ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወጥታም እንዲህ አለች፦ «ሳምንቱም አለፈ፣ ወሩም አለፈ፤ እነሆኝ! የተጠራጠረች ትምጣና ትለካኝ!»

መኪናው ሁሉ ቆመ፤ ሳቅና እንባ ተደባለቀ። ከዚያ ወዲያ ሴቶች አንድ በአንድ፣ ክር የሚበደሩ መስለው ይመጡ ጀመር፤ እየጎተተች ሐኪም ቤት ታደርሳቸዋለች፤ አብዛኞቹ «ክፉ አይደለም» ተብለው እየሳቁ ተመለሱ፤ በጊዜ ተደርሶላቸው የዳኑም ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የሐኪም ቤቱ አስታማሚ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ጡት እንዴት እንደሚዳሰስ ታስተምር ነበርና ሻለቃው ተቆጣ።

«ይህ የጦር ስፌት ቤት ነው!»

«ጌታዬ፣ ሰፊዎቹ ካለቁ ጦሩ ራቁቱን ነው የሚዘምተው።»

ሻለቃው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በሩን ከውጭ ዘግቶላቸው ሄደ። የእትዬ አለቃ ወሬም ገዢ አጥቶ ከአፏ ወደቀ።

ዛሬ በሐኪም ቤቱ በር ለዚያ ሥራ መታሰቢያ የቆመው እብነ በረድ የሻለቃውንና የዋናውን ሐኪም ስም ይዟል፤ ለጋጋሪዋና ለቆራጯ አንዲት ፊደል አልተረፈችም፤ ታሪክ ማዕረግ ያለበትን ደረት እንጂ ጠባሳ ያለበትን አይቆጥርምና። ቆራጯ ግን ልጇን ድራ፣ የልጅ ልጅ አቅፋ፣ ደጁን ስታልፍ «ምን ቸገረኝ፤ እኔ ራሴ እዚህ አለሁ» ትል ነበር።

እትዬ አለቃ ያረፈችው በመልካም እርጅና ነው፤ ወሬዋን የሚያስታውስ ሰው ከጠፋ በኋላ። ገላዋን ሊያጥቡ ከገቡት አንዷ ምላጭ ነበረች። ያንን ማንም ለክቶት የማያውቀውን ቀሚስ ሲፈቱት፣ በግራ ደረቱ በኩል በጥንቃቄ የተሰፋ ትንሽ የጥጥ ትራስ ወደቀ፤ ከሥሩም ዕድሜ ያደበዘዘው፣ ቀጥ ያለ፣ የሐኪም ጠባሳ።

ምላጭ በቆራጭ ጣቷ ዳሰሰችው።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ያቺ በሳምንቷ የሞተችው እርስዎ ነበሩ?»